ለብቻዋ የመጣችው ገጽ

የፋብሪካችንን የጡረታ ፈንድ የሚጠብቁ ሦስት ባለአደራዎች ነበሩ። ሁለቱን አስተዳደሩ ሾመ፤ ሦስተኛውን እኛ ሠራተኞች መረጥን። ሦስቱም ካልፈረሙ ከደንቡ አንዲት መስመር አትለወጥም። የኛ ሰው የጥገና ክፍሉ ሜካኒክ ነበር፤ ሰው ሲያስታርቅ ስለማያዳላ «ሚዛን» እንለዋለን። የተመረጠ ዕለት አጨብጭበን ወደ ሥራችን ተመለስን። ከዚያ በኋላ ስለ ጡረታ ያሰበ የለም። ለምን እናስብ? ሚዛን አለልን።

የሚዛን እጅ ከግራሶ ጠርቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ የፈረመበት ሰነድ ላይ ጥቁር አሻራ ቢተው፣ የጡረታ ፈንዱ ቢሮ ጸሐፊ ተቆጣች። ከዚያ ወዲህ ሰነዱን እዚያው ቢሮ አስቀምጣ የሚፈረምበትን ገጽ ብቻ ትልክለት ጀመር። እሱም ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰ እጁን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ይፈርማል። ቢሮ ሄዶ የቀረውን እንዳያነብ የከለከለው አልነበረም። የቢሮው ምንጣፍ ግን ያስፈራው ነበር፤ በዚያ ግራሶ በነካው ቱታ መግባት እንደ ድፍረት ሆነበት። እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት ፈረመ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እዚህ ግን ያልጠረጠረው ሌላ፣ የተመነጠረው ሌላ ነው።

እዚያው ፋብሪካ ሽመና ክፍል የሚሠራው የሚዛን ታናሽ ወንድም በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ፤ ሁለት ልጆች ትቶ። ሚዛን የወንድሙን ሚስት የባሏ ጡረታ ወደ እሷ እንደሚተላለፍ ነግሮ ቢሮ ይዟት ሄደ። ጸሐፊዋ ደንቡን አውጥታ አነበበችላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ተሻሽሏል። ሠራተኛው ስድሳ ሳይሞላው ከሞተ ለሚስት የሚተላለፍ ጡረታ የለም፤ ያዋጣው ብቻ ይመለስላታል። ሚዛን ይህ እኔ ሳልፈርም አይጸድቅም ብሎ ተከራከረ። ጸሐፊዋ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችለት።

የወንድሙ ሚስት አጎንብሳ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«የኔ ነው።»

«አንብበውት ነው የፈረሙት?»

«አላነበብኩትም» አለ።

አላለቀሰችም። ድምጿንም አላነሳችም።

«ባለቤቴ ማሻሻያው የፋብሪካው በር ላይ ተለጥፎ አይቶት ነበር። ‹ወንድሜ ፈርሞበታል፣ ምን አነበዋለሁ› ብሎ አለፈው» አለችው።

እውነቷን ነው፤ ማስታወቂያው አንድ ወር ሙሉ እዚያው በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ጠዋት ስገባ፣ ማታ ስወጣ እኔም የሚዛንን ፊርማ ብቻ እያየሁ አልፌዋለሁ።