የትርንጎ እጅ

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ የታች ጋይንት መሬት ገብስ ማብቀል ደክሞት ነበር። ጎረቤቴ ሞላ ከአርብ ገበያ የአብሽ ዘር ይዞ መጣ። የሸጠችለት ነጋዴዋ ረሺዳ፣ «አብሽ መሬቱንም ያሳርፈዋል፣ ገበያም አያጣም» ብላ መክራዋለች።

በእኛ አገር አዲስ ዘር የሚያስጀምረው እጁ በረከት አለው የሚባል ሰው ነው። የሰፈራችን እጀ በረከት የሰባት ልጆች አባት ፈንታ ነበር። ሞላ ግን ሚስቱን ትርንጎን ጠራት።

ትርንጎ አልወለደችም። የእኛ ሰው አፍ መቼ ያርፋል! «ዘሩን ሊያመክነው ነው» ተባለ።

እሷም ደንግጣ፣ «ኧረ ፈንታን ጥራው» አለችው።

«የእኔን ቤት ያቆመው የፈንታ እጅ ነው እንዴ?» ብሎ ቁናውን አስታቀፋት። እያለቀሰች በተነችው።

አብሹ አማረ። በዓመቱ በዚያው ማሳ የተዘራው ገብስም ወገብ ድረስ ደረሰ። ያኔ ፈንታ ራሱ የአብሽ ዘር ይዞ ደጇ ላይ ቆመ።

«ትርንጎ፣ እባክሽ ለእኔም አስጀምሪልኝ።»

ነጠላዋን አጣፋችና ተነሣች። «ትንሿን ልጅህን አምጣልኝ» አለችው፤ «አብረን እንበትነዋለን።»