ሚሊሜትርና የሎሚው ግንድ

አርባ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት ሲሠራ የኖረ አናጢ ነው። በበሩና በመቃኑ መካከል የፀጉር ታህል ክፍተት ካየ ነቅሎ እንደ አዲስ ይገጥም ስለነበር ሠፈርተኛው ሚሊሜትር ይለዋል፤ እሱም ደስ ይለዋል እንጂ ቅር አይለውም። ጡረታ ሲወጣ ግን አንድ አባዜ ያዘው፦ ክብ ነገር ካልሠራሁ አለ። አርባ ዓመት ቀጥ ያለ መስመር የሰለቸው ሰው ምን ያድርግ!

ምክንያትም አላጣም። ነፍሳቸውን ይማርና አማቱ የተከሉት የጓሮ ሎሚ ዓምና በነፋስ ወድቆ፣ ስንጥቅ የሌለበት ክንድ የሚያህል ግንድ ብቻ ተርፏል። ሚስቱ ቁራጩን እንደ ልጅ አቅፋ መጣችና፣ «ከእማዬ የቀረኝ ይሄ ነው። የሚያምር ዕቃ አውጣልኝ፤ ካበላሸኸው ሌላ የለም» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤቱ ሰላም አጣ። ሻምፖው ሳያልቅ ይገለበጣል፣ የሆምጣጤው ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ይቆረጣል፣ የፈሳሽ ሳሙናው ሆድ ይለካል። ሚሊሜትር የአንዱን አንገት ከሌላው ሆድ ጋር በፕላስተር ያጋጥምና መደርደሪያ ላይ አቁሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይመረምራል።

«ይሄ ትከሻው ወደቀ። ይሄ ደግሞ ቂጡ ከበደው።»

ሠላሳ አንድ ሞዴል ተደረደረ። ግንዱ ግን ጫፉም አልተነካ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እየጠበቅክ ነው?» አለችው ሚስቱ አንድ ጠዋት፣ ዘይት የምትገለብጥበት ዕቃ ስታጣ።

«ዕቅድ ነው እኮ!»

«ዕቅድ አይደለም፣ ፍርሃት ነው።»

እውነቷን ነው። በር ቢበላሽ ሌላ ጣውላ አለ፤ ይሄኛው ግን አንድ ነው።

በማግስቱ ከገበያ ሲመለስ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ሠላሳ አንዱንም ለፕላስቲክ ሰብሳቢ ሰጥታዋለች። በቦታቸው ክዳኗ የተላላጠ አንዲት ድቡልቡል የፕላስቲክ ቅባት ዕቃ ተቀምጣለች።

«የእማዬን ጉልበት አሽበት የነበረው ቅባት ዕቃ ናት» አለች። «ይህችን አስመስለህ ሥራልኝ። ሁለት ጣቴን እየከተትኩ ነበር የማወጣላት።»

ጮኸ፣ ተቆጣ፣ ሲበርድለት ግን መለኪያውን አነሳ። በሦስተኛው ቀን የእንጨት ማሽከርከሪያው ቶርኖ ተነሳ፤ ግንዱ እየተሽከረከረ ፍቅፋቂው ጫማው ላይ ተከመረ። ቅርጿን ከፕላስቲኳ አንዲት ነጥብ ሳያዛንፍ አወጣው። ውስጡን ቦረቦረ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰና ደረቱን ነፍቶ ይዞላት ገባ።

ሚስቱ ሁለት ጣቷን ሰደደች። አልገባም።

ሚሊሜትር ክው አለ። ፕላስቲክ ስስ ነው፤ እንጨት ግን ውፍረት ይፈልጋል። የውጩን ልክ ሲጠብቅ የአፉን ስፋት ረስቶታል! ላስፋው ቢል ከንፈሩ ይሰነጠቃል።

«ጉድ ሠራሁሽ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እሷ አንዱን ጣቷን ብቻ አስገባች። ልክክ አለ። ጣቷን ከዚያ አላወጣችም።

«መጨረሻ ላይ» አለች፣ «እማዬ ከስታ ጉልበቷ የሕፃን ጉልበት ሲያክል፣ አንድ ጣት ይበቃት ነበር።»

በሌላ እጇ አፍንጫዋን ጠረገችና ፈገግ አለች።

«ለመሆኑ ይሄ አፉ ስንት ሚሊሜትር ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ። «አልለካሁትም።»