እናቲቱ ስትነካ

ጠረጴዛ በምንከራይበት የጋራ ቢሮ ከአጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ ላፕቶፑ ላይ ሲጽፍ ጉንዳን የሚጨፈልቅ ይመስላል። ሸሚዙን ሁልጊዜ አዛንፎ ነው የሚቆልፈው፤ ቤቱ የሚነግረው ሰው የለም መሰለኝ። ዛሬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ አንባረቀ፦

«እናቲቱን ነካክተህ ልጆቹን ሳታይ ትሄዳለህ? ትንሽ አታፍርም?»

ወሬ ሲሸተኝ ወንበሬ ራሱ ይንሸራተታል፤ ተጠጋሁ። ለካስ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ነው! ሥራቸው ብዙ ክፍል አለው፤ ሌሎቹ የሚደገፉበትን ክፍል «እናት»፣ በእሷ ላይ የሚደገፉትን ደግሞ «ልጆች» ይሏቸዋል። ባልደረባው እናቲቱን ቀይሮ፣ ልጆቹን ከለውጡ ጋር እንዲስማሙ እንደገና ሳይገነባ ምሳ ወጥቷል። ልጆቹም ደንበኛ ፊት ተንኮታኩተዋል።

«የእኔ ክፍል ሠርቷል ትለኛለህ ደግሞ! ካሁን በኋላ ማንንም አልለምንም። እናቲቱ በተነካች ቁጥር ማሽኑ ራሱ ልጆቹን ሁሉ ይገነባል። አዝዤዋለሁ፣ በቃ!»

ዘጋው። ላቡን ሳይጠርግ ስልኩ እንደገና ጠራ።

«አቤት እቴቴ» አለ፤ አዳመጠ፤ ፊቱ ጠቆረ። «እማዬ ሆስፒታል ከገባች ሰነበተች? ሁላችሁም እያወቃችሁ?»

«ሥራህ ላይ እንዳንረብሽህ ብለን እኮ ነው፣ የኔ ጌታ» የሚለው የእህቱ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«የምን የኔ ጌታ ነው! እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

ወንበሩን ገፍትሮ፣ ላፕቶፑን እንኳ ሳይዘጋ ወጣ። ማሽኑ ግን ስክሪኑ ላይ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ፣ አንዱንም ሳይዘል መገንባቱን ቀጠለ።