ሳይጫን የቀረው ሳጥን

ሰውየው የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየፎቁ ጣሪያ ሥር ባሉ ጠባብ የሞተር ክፍሎች ውስጥ፣ ግሪስ ባጠቆረው እጁ የብረት ገመድ ሲዳብስ ኖሯል። ሥራውን ጨርሶ፣ ዕቃውን ሰብስቦ፣ ደረጃውን እስከ ግማሽ ከወረደ በኋላ ድንገት ቆም ይልና «እስቲ ደግሜ ልየው» ብሎ ይመለሳል። ባልደረቦቹ እየሳቁ «ደግሜልየው» አሉት። ነገሩ የእውነት ስም መሰለና እንደ ሙጫ ተጣበቀበት። ሚስቱ እንኳ ስትናደድበት የምትጠራው በዚሁ ነው።

ሥራው ምስጋና የለውም። አሳንሰር ሲቆም አገር ይራገማል፤ ሳይቆም ከዋለ ግን «ዛሬ ማን አይቶት ይሆን?» የሚል የለም። በየሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ካርድ ይንጠለጠላል። ደግሜልየው በመጣ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፍበታል፣ ያየውን ያሰፍራል፣ ይፈርማል። ካርዱን ከእሱ ሌላ ሰው ሲያነበው አጋጥሞት አያውቅም። ቅርም ብሎት አያውቅም።

ሚስቱ ነርስ ናት፤ ወራቸው ሳይሞላ የተወለዱ ሕፃናትን ነው የምትንከባከበው። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠችና፣ ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ለሦስት ዓመት እንደፈለጋት ነገረችው። ቤተሰብ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ሰውየው «ልጆቹስ?» አለ።

«ይሄዳሉ።»

«እንስሶቹስ?»

ሚስቱ ይህን ጥያቄ እየጠበቀች ነበር። ቤቱ ውስጥ አንዲት ድመትና አንድ ሽማግሌ ውሻ አሉ። ድመቷ «እሜቴ» ትባላለች፤ ወንበር ስትመርጥ ሰው የምታስነሣ ናት። ውሻው «አማካሪ» ነው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ትልልቆቹ ቁም ነገር ሊያወሩ ሲቀመጡ መጥቶ አገጩን ጉልበት ላይ ያሳርፍና በረጅሙ ይተነፍሳል። አሁንም እዚያው ነበር፣ አገጩ የሚስቲቱ ጉልበት ላይ። ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የስድስት ዓመቱ ትንሹ ልጃቸው መራመድ የተማረው የዚህን ውሻ ጀርባ ተደግፎ ነው።

«እሱን ትቶ መሄድማ ከልጁ አካል ቆርጦ ትቶ መሄድ ነው» አለች ሚስቱ፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ።

ማለቁስ አላለቀም፤ ሌላው ጣጣ ገና መጀመሩ ነበር። ማይክሮቺፕ የሚሉት ባለቁጥር መለያ ቆዳው ሥር ይገባለታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋል፤ ክትባቱ መሥራቱ በደም ምርመራ ይረጋገጣል፤ የምርመራው ውጤት ከመጣ በኋላ ሦስት ወር ይጠበቃል። ሊሄዱ ዐሥር ቀን ሲቀር ደግሞ የእንስሳት ሐኪም አይቶ የጤና ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱን ሁሉ የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ትልቋ ልጅ ትይዛለች። አንድ ቀን ፋይሉን ገልጣ ስታይ፣ «እኛ አራታችን አንድ ላይ የውሻውን ያህል ወረቀት የለንም» አለች። «እዚያ ስንደርስ አለቃችን እሱ ሳይሆን አይቀርም።»

ሳጥኑን ደግሜልየው ራሱ ሠራው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሞልቷል፤ እሱ ግን ሌላ ሰው ባጠበቀው ብሎን አማካሪን አያሳፍርም። ደንቡ እንደሚለው ውሻው ውስጡ መቆም፣ መዞርና መተኛት አለበት፤ ቆሞ ጆሮውን ሲቀስርም ጣሪያውን መንካት የለበትም። ልጅቷ ሜትሩን ይዛ ለካች፣ ትንሹ ልጅ ብስኩት እያሳየ ጆሮውን አስቀሰረ። ሰውየው ወፍራም ኮምፔንሳቶ ቆረጠ፣ ማዕዘኖቹን በብረት አሠረ፣ በአራቱም ጎን የአየር ቀዳዳ ከፈተ፣ ጠርዙ እንዳይቧጭር በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ከዚያ ጭንቅላቱንና ትከሻውን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ደጃፉን በብርድ ልብስ አስሸፈነና ጨለማው ውስጥ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ሚስቱ ከኩሽና ብቅ ብላ ግማሽ ባሏን አየችና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ለሁለት ወር አማካሪ ምግቡን የሚበላው ሳጥኑ ውስጥ ሆነ። አንድ አመል ነበረው፤ ሰው አጠገቡ መሬት ላይ ካልተቀመጠ እህል አይቀምስም። ስለዚህ ትንሹ ልጅ በየቀኑ አብሮት ይገባል። አንዳንዴ እንቅልፍ ይዞት እዚያው ይገኛል፤ ሳጥኑም ከማስፈራት አልፎ የቤቱ ስድስተኛ ክፍል ሆነ።

የጉዞው ቀን ደረሰ። የውሃ መያዣውን አዳሩን በረዶ አድርገው ነበር፤ በመንገድ ቀስ እያለ እንዲቀልጥ። ትንሹ ልጅ ያልታጠበ ካናቴራውን ለውሻው አነጠፈለት። የካርጎ ሠራተኞቹ ሳጥኑን ሲወስዱት አማካሪ አልጮኸም፤ በሽቦው በኩል ብቻ ዓይኑን ሰውየው ላይ እንደተከለ ሄደ። እሜቴ በትንሽ ቦርሳ ሆና ከነሱ ጋር ገባች፤ ገና ሳይነሡም እንቅልፍ ወሰዳት።

ደግሜልየው በአውሮፕላን ሄዶ አያውቅም ነበር። ሰው በገመድ ሽቅብ ሲወጣ የዕድሜውን ግማሽ አይቷል፤ ይህ ግን ገመድ የለውም። ምድር ከሥሩ እያነሰች ስትሄድ፣ ጎዳናው ክር፣ ፎቁ ሁሉ ክብሪት ሲያክል፣ እጁን በአፉ ላይ ጭኖ ቀረ። ከዚያ ዓይኑ ክንፉ ላይ ወደተደረደሩት ብሎኖች ሄደ። መቁጠር ጀመረና ተወው። እያንዳንዱን ያጠበቀ ሰው አለ፤ ያን ሰው አያውቀውም፤ አራት ነፍስ ይዞ ግን በእሱ እጅ ላይ ተቀምጧል። ይህ ሐሳብ ፍርሃት ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቃተው።

መሀል ላይ ሌላ አገር ወርደው አውሮፕላን ቀየሩ። ሁለተኛው አውሮፕላን ተሳፋሪውን ጭኖ፣ በሩን ዘግቶ፣ አልነሣ አለ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሰው ሰዓቱን እያየ አጉረመረመ፤ ከኋላ አንዱ ስለ አየር መንገዱ ክፉ ተናገረ። ደግሜልየውም አብሯቸው አጉረመረመ። በመጨረሻ ተነሡ።

ሲደርሱ ሻንጣዎቹ መጡ፤ ሳጥኑ አልመጣም። የካርጎ መስኮት ላይ ያለው ጸሐፊ ኮምፒውተሩን አየ፣ ስልክ ደወለ፣ እንደገና አየ። ውሻው አውሮፕላን በቀየሩበት አገር ሳይጫን መቅረቱን፣ ደኅና መሆኑን፣ ሌላ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ነገራቸው። ትንሹ ልጅ አላለቀሰም። ዝም ብሎ የእናቱን ቀሚስ ያዘና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደያዘ ቀረ። ሰውየው ደሙ ፈላ። ስድስት ወር ሙሉ ያሰላው፣ የለካው፣ የጠረበው ሁሉ በማያውቀው ሰው ግዴለሽነት ውሃ እንደበላው ቆጠረው።

የተከራዩት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መጋረጃ የሌለው ሰፊ መስኮት። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ሥራ ልትጀምር ስትወጣ፣ ሰውየው ጸሐፊው የሰጠውን ቁጥር ደወለ። ያነሣችው ሴት ነበረች። ውሻው በቀረበት አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት ተቆጣጣሪ ናት። ሁለቱም ትምህርት ቤት በተማሩት፣ ሁለቱም አቀላጥፈው በማይናገሩት ቋንቋ ተነጋገሩ። ሰውየው ሊቆጣ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ውሻዬን ለምን አስቀራችሁት?» አለ።

«እኔ ነኝ ያስወረድኩት» አለች ሴትየዋ። «ተጭኖ ነበር። ወረቀቱ ሁሉ ተፈርሟል፤ እኔም ፈርሜያለሁ። በሩ ሊዘጋ ሲል ግን እንደገና ልየው ብዬ ወጣሁ። እጄን ወደ ጭነት ክፍሉ አየር መግቢያ አስጠጋሁ። አየር የለም።»

ሰውየው ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ለሻንጣ ችግር የለውም» አለች። «ነፍስ ላለው ግን አምስት ሰዓት መንገድ ነው። ከፊት ያሉትን ሻንጣዎች አስወርጄ ሳጥኑን አወጣሁት። በረራው ዘገየ። ይቅርታ፣ እርስዎም ሳይቸገሩ አልቀሩም።»

ደግሜልየው ስልኩን እንደያዘ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ያን ሃያ ደቂቃ አስታወሰው፤ እሱም ያጉረመረመበትን። የምትነግረውን ነገር ቃል በቃል ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ደረጃ ላይ ቆሞ የተመለሰው እሱ ነው። ግን ሌላ ሰው ለእሱ ሲል ከደረጃ ይመለሳል ብሎ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም። አመሰግናለሁ ለማለት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን «እየበላ ነው?» የሚል ሆነ።

አልበላም ነበር። ውሃ ይጠጣል፣ ምግቡን ግን ዞር ብሎ አላየውም። ሰውየው አመሉን ነገራት፤ አጠገቡ መሬት ላይ ሰው ይቀመጥ፣ አያባብሉት፣ አያዩት፣ ዝም ብለው ይቀመጡ። ሴትየዋ «መሬቱ ላይ?» አለች። «መሬቱ ላይ» አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። «በላ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር። ትንሹ ልጅ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የአባቱን ፊት መረመረ፤ ከዚያ ሄዶ ለእሜቴም ለራሱም ምግብ ጠየቀ።

የእንስሳት ጭነት የሚቀበል አውሮፕላን እስኪገኝ ሦስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አባትና ልጆች ካርጎ ሄዱ። ሳጥኑ በጋሪ ወጣ። አማካሪ ከውስጥ አሽትቶ አወቃቸውና ጅራቱ ኮምፔንሳቶውን እንደ ከበሮ መታው። ትንሹ ልጅ በሩ ሲከፈት እንደለመደው ዘሎ ገባ፤ ከዚያ ማን ማንን እንደሚልስ አልታወቀም። ልጅቷ ትልቅ ሰው ልምሰል ብላ ራሷን ስትቆጣጠር ቆይታ በስተመጨረሻ እሷም በጉልበቷ ሳጥኑ ደጃፍ ወደቀች።

ሰውየው ብሎኖቹን ሊፈትሽ ጎንበስ ሲል፣ ሳጥኑ ጣሪያ ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ የተለጠፈ ወረቀት አየ። ሠንጠረዥ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ውሃ፣ ምግብ፣ ሽርሽር፣ ሙቀት፣ ፊርማ። ሦስቱ ቀን በሙሉ፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ አንድ ረድፍ ሳይዘለል ተሞልቷል። የእጅ ጽሑፉ ይለያያል፤ ቆጠረው፣ ዐሥራ አንድ ሰው ነው። አንዱ ፊደሉን ከዚህ በፊት አይቶት በማያውቀው ቋንቋ ጽፏል። ሌላው፣ መጻፍ የማይሆንለት ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ በየረድፉ ሳህን ስሎ፣ ከሳህኑ አጠገብ ደግሞ ቂጡን መሬት ላይ ያደረገ ትንሽ ሰው ስሏል።

ደግሜልየው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ጋሪ የሚገፉ ሰዎች በጎኑ አለፉ፤ ልጅቷ ጠራችው፤ አልሰማም። ዐሥራ አንድ ሰው፣ የማያውቁትን ሰው ሽማግሌ ውሻ ለማብላት ተራ ገብተው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠዋል። ዓለም ሰፊ መሆኗን ከአውሮፕላኑ መስኮት አይቷል፤ እንዲህ በሰው የተሞላች መሆኗን ግን አላወቀም ነበር። ሳጥኑን ተደገፈ።

ሳጥኑ ታክሲው ውስጥ አልገባ ብሎ እዚያው መኪና ማቆሚያ ላይ በካቻቢቴ ፈታታው። ሚስቱ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ቆማ አነበበችው፤ ሥዕሉ ጋ ስትደርስ ቁጭ አለች። «እኛ ክፍል የሕፃናቱ ካርድ እንዲህ ተሞልቶ ባየሁ፣ ተረኛዋን እስማት ነበር» አለች። አማካሪ አገጩን ጉልበቷ ላይ አሳርፎ በረጅሙ ተነፈሰ።

ለማመስገን ሲደውል ነው ሴትየዋ ስለዚያ ሃያ ደቂቃ አለቃዋ እንደጠራት የሰማው። ነገሩን ቀለል አድርጋ ነው ያነሣችው፤ እሱ ግን ቀለል አላለውም። የዚያን ቀን ሲጽፍ ዋለ። ልጅቷ ሆሄ እያረመችለት ለሴትየዋ አለቃ ደብዳቤ አዘጋጀ። ሃያ ሁለት ዓመት የአሳንሰር ገመድ ሲያይ እንደኖረ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ ካለቀ በኋላ ተመልሶ በእጁ የሚያረጋግጥ ሠራተኛ ከሺህ አንድ እንደማይገኝ፣ አለቃውም ይህን ሳያውቁ እንዳይቀሩ ጻፈ። ልጅቷ «አባዬ፣ ‹ከሺህ አንድ› ማጋነን አይሆንም?» አለችው። «አሳንሼ ነው» አላት። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ ከአለቃው ሁለት መስመር። ደብዳቤው የጭነት ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት ክፍል ውስጥ ተለጥፏል ይላል።

ሰውየው በሁለተኛው ወር ሥራ አገኘ፤ ያው አሳንሰር። ልጅቷ ቋንቋውን ከሁሉም ቀድማ ያዘች፤ አሁን ገበያ የምትከራከረው እሷ ናት። እሜቴ ሰፊውን መስኮት ወረሰች። አማካሪ እርጅናው ቢጫነውም ጠዋት ጠዋት ከአባትና ከልጅ ጋር ይወጣል።

አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ የመንገድ መብራት ሲቀይር አገኙት። ሰውየው ቆመ። ውሻውም ቆመ። ሠራተኛው አምፖሉን አጠበቀ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ሁለት ደረጃ ወረደ፤ ከዚያ ተመልሶ ወጣና ክዳኑን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«አባዬ፣ ምን እያየን ነው?» አለ ልጁ።

«ሰውየው በሰላም እስኪወርድ ነው» አለው።

ልጁ ነገሩን ጥቂት አሰበበት። ከዚያ ውሻው አጠገብ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እሱም አንጋጥጦ ማየት ጀመረ።