ሆን ተብሎ የተራበ ማሳ

መምህሬ ሳቅ አያበዙም። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የእርሻ ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ አስቆሙኝና፣ «አንቺ የገበሬ ልጅ ነሽ አይደል? ከነገ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ እንድትመጪ» አሉኝ። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ሳስብ አደርኩ።

በኋላ እንደገባኝ፣ ከገጠር የመጣን ሴቶች ዕቃ መንካት ፈርተን ከኋላ እንደምንቆም አይተው ኖሯል። ወንዶቹ መለኪያውን ይዘው ቁጥር ይጠራሉ፤ እኛ እንጽፋለን። በትምህርት ክፍሉ ያሉት ብቸኛ ሴት መምህር እሳቸው ነበሩ፤ የተማሪነት ዘመናቸውን እንዲሁ የሰው ቁጥር ሲጽፉ እንዳሳለፉት አንድ ጊዜ በንዴት ነግረውኛል። እኔን ግን መለኪያውን አስያዙኝ። ስሳሳት ይቆጣሉ፣ ከዚያ እንደገና ያሠሩኛል። ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ የደከመልኝ ሰው አልነበረም።

የመመረቂያ ጥናቴን በራሳችን ማሳ ላይ እንድሠራ ያሉትም እሳቸው ናቸው። ቤተሰቦቼ ከቁይ ከተማ ወጣ ብለው ነው የሚኖሩት። የዚያ አገር አፈር ዝናብ ያጠበው አሲዳማ ነው፤ ኖራ ሲጨመርበት ይሻለዋል። ክረምት ሲገባ ማሳውን በመደብ ከፋፍለን ስንዴ ዘራን። ግማሾቹ መደቦች ኖራ በሉ፣ ግማሾቹ ለማወዳደሪያ ምንም እንዳይነካቸው ተተዉ። አባቴን «እነዚህን እንዳትነካቸው» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ነሐሴን መምህሬ ጋ ቤተ ሙከራ ከረምኩ።

ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት ስገባ አባቴ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ወደ ማሳው ወሰደኝ። ሁሉም መደብ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሆኗል። ኖራ የበላው ካልበላው አይለይም።

«መንገደኛው ሁሉ ‹የተማሪዋ ስንዴ ቢጫ ሆነ› ይል ጀመር» አለኝ። «ስምሽ እንዲህ ሲነሳ ዝም ልበል? ጠላ አስጠምቄ ደቦ ጠራሁ። አንዱ ፍግ፣ አንዱ አመድ፣ ያለውም ከማዳበሪያው እፍኝ እፍኝ ይዞ መጣልሽ።»

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ የደስታ መስሎት ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ጥናት ሳያቀርቡ መመረቅ የለም። የሚቀጥለውን ክረምት ልጠብቅ ብል አንድ ዓመት ቤት መዋል ነው፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ አንድ ዓመት ቤት የዋለች ልጅ በዚያው ተድራ ትቀራለች። ማርቆስ ተመልሼ ይህንኑ ለመምህሬ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ መጀመሪያ ያሉኝ፣ «የፈለገ ቢመጣ ያልለካሽውን ቁጥር አትጽፊም» ነው። ባላሰብኩት ነገር ስለጠረጠሩኝ ከልቤ ተናደድኩ። ቀጥለው «ወንዝ አላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። አለን አልኳቸው። «እንግዲያው በበጋ በመስኖ እንዘራለን። ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ አባትሽን ማነጋገር አለብኝ።»

አባቴን ይቆጡታል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን የቀረበላቸውን ጠላ ጠጡ፣ ስለ ደቦውም አመሰገኑት።

«የእኔም አባት ቢሆን ይህንኑ ያደርግልኝ ነበር» አሉት። «ነገር ግን ልጅዎ የምትመረቀው አንዱ መደብ ሲያምር፣ ሌላው ሲከፋ አሳይታ ነው። የከፋው ከሌለ፣ ያማረው በምን እንዳማረ በምን ይታወቃል?»

«እንግዲህ እያየሁ ላስርበው ነው?» አለ አባቴ።

«እያዩ ያስርቡት።»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«ይላላ» አሉ መምህሬ።

ፍግ ያልነካውና የወንዙ ውኃ የሚደርሰው መሬት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የቤተ ክርስቲያን መሄጃው ዳር ያለው፣ ሰው ሁሉ የሚያየው። አባቴ ያንን ያውቃል። ተነሣና መርቶ አሳየን።

በኅዳር እንደ ክረምቱ በመደብ ከፋፍለን ዘራን። ጥር ላይ ኖራ የበላው ስንዴ ለምልሞ ሲጠቁር፣ ያልበላው ደግሞ ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። መምህሬ በየሳምንቱ ስልክ እየደወሉ የሚያበረቱት እኔን ሳይሆን አባቴን ነበር። «አሁንም አልነኩትም?» ይሉታል። «አልነካሁም» ይላቸዋል፣ ጥርሱን ነክሶ።

አንድ እሑድ ለቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ፣ ከቅዳሴ ወጥተን ከሰው ጋር ስንመለስ፣ ያባቴ የልጅነት ጓደኛ ማሳው ዳር ቆመ። በክረምቱ ደቦ ከሁሉም ቀድሞ የመጣ ሰው ነው።

«ምነው ወንድሜ፣ ሰነፍህ እንዴ? ነገ ልጆቹን ይዤ፣ ፍግ አስጭኜ ልምጣልህ?»

አጠገባችን የነበረው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየ። አባቴ ዶፍ ሲወርድ እንኳ ከእርሻው የማይገባ ገበሬ ነው፤ በዕድሜው እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። እሺ ሊል ነው፣ አለቀልኝ ብዬ እጁን ያዝኩት።

«አዎ፣ ሰንፌያለሁ» አለ ጮክ ብሎ፣ ከኋላ የሚመጡትም እንዲሰሙ። «ልጄ እስክትመረቅ ድረስ በእነዚህ መደቦች እሰንፋለሁ። ማንም እንዳይነካብኝ።»