ገብረ ሥላሴን ፍለጋ

ከባሕር ዳር የተነሣሁት ወገዳ የሚኖር ጓደኛዬ አዲስ ቤት ስለሠራ ምረቃው ላይ ልገኝ ነው። ለዚሁ ብዬ ነጭ ሸሚዝ ገዝቻለሁ። ልጅ የለኝም፤ እውነቱን ለመናገር ከልጅ ጋር ምን እንደሚወራም አላውቅም።

ንፋስ መውጫ፣ ጠዋት

አድሬ ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ያዝኩ። ሊንቀሳቀስ ሲል አንድ ጥምጣም ያሰሩ መሪጌታ የሰባት ዓመት ልጃቸውን አጠገቤ አስቀመጧት።

«ታንጉት ትባላለች። እናቷ አራስ ናት፣ እኔም ተማሪዎቼን ትቼ መሄድ አልቻልኩም። ወገዳ ስትደርሱ አያቷ፣ የእናቷ አባት፣ መናኸሪያ ይጠብቃሉ» ብለው ስም የተጻፈባት ወረቀት ሰጡኝ። እምቢ ልል አፌን ስከፍት በሩ ተዘጋ። ልጅቷ አያቷን አይታቸው አታውቅም።

አርብ ገበያ

ዕለቱ አርብ ነውና መንገዱ ገብስ በጫኑ አህዮች ተሞልቷል። ሾፌሩ ጥሩንባ ቢነፋ ቢነፋ የሚሰማው የለም። ታንጉት እዚያው ሸሚዜ ላይ አስታወከች። ወርደን ሎሚ ገዛሁላት፤ እሱን እያሸተተች የተቀቀለ ድንች ተካፈልን።

«ጋሼ፣ ተቆጡ?»

«ኧረ አልተቆጣሁም» ብዬ ዋሸሁ። ሸሚዜን አይታ ሳቀች፤ እኔም ሳቄ መጣ። ከዚያ ወዲያ ባለው ኮረኮንች ሁሉ «ጋሼ» ቀርቶ «አያ» ሆንኩ።

ወገዳ፣ ከሰዓት

ጭቃ ስለነበር መኪናው ከመናኸሪያው ራቅ ብሎ አወረደን። ታንጉትን አንድ ሱቅ በር ላይ አስቀምጬ ፍለጋ ገባሁ። ወረቀቷ «ገብረ ሥላሴ» ትላለች። ባለሱቁ አያውቅም። ባለ ባጃጁም አያውቅም። መናኸሪያው በር ላይ ዱላ ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ አገኘሁ።

«አባቴ፣ ገብረ ሥላሴ የሚባሉ ሰው ያውቃሉ?»

«ወግድ እባክህ! እንግዳ እየጠበቅሁ ነው፤ መኪናውን አትጋርደኝ!»

ባዶ እጄን ስመለስ ታንጉት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አያ፣ ባናገኛቸውስ?»

«ካላገኘናቸው እኔ ጋ ትሆኛለሽ።» ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። ግን ከልቤ ነበር።

ወረቀቷን ተቀብላ አየቻት። «ገብረ ሥላሴ እኮ የክርስትና ስም ነው። አባዬ ሰውን ሁሉ በክርስትና ስሙ ነው የሚጠራው። ቄሶቹን እንጠይቅ።»

ለካ መሪጌታው አማታቸውን የሚያውቋቸው በጸሎት በሚያነሡት ስም ኖሯል! ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያገኘናቸው ቄስ ወረቀቷን አይተው ሳቁ። «ጉልላት ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያ በር ላይ ተገትሯል።»

ስንመለስ እኒያው ሽማግሌ ናቸው። ማን እንደሆነች ስነግራቸው ዱላቸውን ጥለው አቀፏት፤ ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከአባቷ ጋር የምትመጣ መስሎኝ! ዓይኔ መኪናው ላይ ሆኖ የማንን ስም እንደጠራህም አልሰማሁ። ታዲያ ቅድም አትነግረኝም ነበር?»

መልስ

ምረቃውን በልተን ጠጥተን እሑድ ልመለስ ስል ታንጉት ከአያቷ ጋር ልትሸኘኝ መጣች።

«አያ፣ የእርስዎስ የክርስትና ስም ማን ነው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«የጠፉ እንደሆን ቄሶቹን እጠይቃለሁ።»

ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት።

በማግስቱ ባሕር ዳር ገብቼ ሸሚዜን ሳጥብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከጉዞው የተማርኩት፣ ስም የተጻፈበት ወረቀት ሲሰጠኝ የትኛው ስም እንደሆነ መጠየቅ ነው። የእኔን የክርስትና ስም ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አሁን ወገዳ ላይ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ታውቀዋለች። ብጠፋ ፈላጊ አለኝ።