የጆንያ ካባ

ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ አጠገብ፣ ከአንድ የቡና መጋዘን በር ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ እየጣፈች የምትውል ዘይቡ ጀቤሳ የምትባል ሴት ነበረች። ጣት የሚያህል የጆንያ መርፌ፣ አንድ ልቃቂት ሲባጎ፣ ከፊቷ የጆንያ ክምር፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ባሏ ቦንጋ ደርሼ ልምጣ ብሎ እንደወጣ በዚያው የቀረ፣ ምላሷ ከመርፌዋ የማይተናነስ ሴት ናት። ግን ይህን ብቻ ተናግሬ ብተዋት ኃጢአት ይሆንብኛል። በዚያ በደርግ ዘመን፣ ከሰቃ እስከ አጋሮ፣ እሷ ሰፍታ ያለበሰችውን ሰው አይቶ አፉን ያልያዘ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ እያንዳንዱ ቀበሌ የኪነት ቡድን ነበረው። መስከረም ሲጠባ፣ ለአብዮቱ በዓል፣ የየቀበሌውና የየቡና ከተማው ቡድን ጅማ ተሰብስቦ ይወዳደራል። ከውድድሩ በፊት ሁሉም የትያትር ልብሱን ለብሶ ከሄርማታ እስከ ሜዳው ድረስ በሰልፍ ያልፋል። ወይ ጉድ፣ ያ ሰልፍ! የአጋሮ ልጆች «ኢምፔሪያሊዝም» ብለው ስድስት እጅ ያለው፣ ራሱ ከበርሜል የተሠራ ጭራቅ ይዘው ይመጣሉ። የሊሙዎቹ የቃጫ ጎፈር አጥልቀው አንበሳ ሆነው ያገሳሉ። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ይወጣል፤ ቢከፍትስ ማን ሊገዛው? መንግሥት የሚሰበስበን ለመፈክሩ ነበር፣ ሕዝቡ ግን የሚመጣው ልብሱን ለማየት ነው። ልብሱ ደግሞ የትም አይሸጥ፤ ቤት ውስጥ ከተገኘው ነገር ይሠራል እንጂ።

በዚህ ሙያ ዘይቡን የሚስተካከላት አልተገኘም። ከለስላሳ ቆርኪ የወታደር ቁልፍ ቀጥቅጣ ታወጣለች። ከወተት ጣሳ የራስ ቁር፣ ከቃጫ ሽበት፣ ከሲጋራ ፓኮ ወረቀት ሜዳሊያ ትሠራለች። አንድ ልብስ አንዴ ካየች አለቀ፤ ስፌቱ በየት በኩል እንደዞረ፣ እጅጌው ስንት ጣት እንደሚሰፋ ከሃያ ዓመት በኋላ ትነግርሃለች። አብረዋት የሚውሉት ቡና ለቃሚ ሴቶች፣ አንቺ እኮ ሰው አይታይሽም፣ ልብሱ ነው የሚታይሽ ይሏታል። እውነታቸውን ነው። ያን የጠፋ ባሏን እንኳ ስታነሳ ትዝ የሚላት የኮቱ ገበር ነው።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት የቀበሌው የኪነት ኃላፊ ደበበ ስለ ጭሰኛ ኑሮ አንድ ትያትር ጻፈ። ጭሰኛው ተገኘ፣ የጭሰኛው ሚስት ተገኘች፣ ታጋዩንማ ለመሆን ተሰልፈው ነበር። ባላባቱን የሚሆን ግን ጠፋ። ዓምና ባላባት ሆኖ የተጫወተው የመጋዘኑ ዘበኛ ዘለቀ ያየውን ሁሉም አይቷል። ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ቤት በገባ ቁጥር «ጌታዬ፣ ግብሩን የት እናውርደው?» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውታል። ሚስቱ ሳትቀር ፊታውራሪ ብላ ጠርታዋለች አሉ። ማን እብድ አለ ታዲያ?

ዘይቡ ከጆንያዋ ቀና ሳትል እኔ እሆናለሁ አለች። ወንዶቹ ሳቁ። እሷም ሆዱን በቡና ገለባ ጠቅጥቄ፣ ሪዙን በፍየል ፀጉር እሠራዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ከወንድነት ምን ቀረ ብላ ጠየቀቻቸው።  ደበበም ደግ የሠራ መስሎት፣ ካባውን ከጋዜጣ ስፊው፣ ቶሎም ያልቃል፣ ያስቃልም አላት።

ያኔ ነው መርፌዋን ያስቀመጠችው። «አባቴ ያጎነበሰው ለጋዜጣ አይደለም» አለችው።

አባቷ ኦቦ ጀቤሳ ሰቃ ውስጥ የአንድ ፊታውራሪ ጭሰኛ ነበሩ። ዘይቡ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን ማር ሊያስገቡ ሲሄዱ ይዘዋት ሄዱ። ለሷ በዓለም ላይ ከአባቷ የሚበልጥ ወንድ አልነበረም። ያ አባት ከአጥሩ በር ሲደርስ ጋቢውን ወገቡ ላይ አደግድጎ፣ ማሰሮውን አስቀምጦ፣ ግንባሩ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ሲያጎነብስ አየች። ፊታውራሪው ወርቅ የተጠለፈበት ጥቁር ካባ ለብሰው በረንዳው ላይ ቆመዋል። አሁን ፊታውራሪው ሞተዋል፣ መሬቱም ለኦቦ ጀቤሳ ደርሷቸዋል። ሽማግሌው ግን ዛሬም ቀበሌ ሲሄዱ ለጥበቃው እንኳ ቆመው ነው የሚናገሩት። ተቀመጡ ሲባሉ እግሬን አላመመኝም ይላሉ። ይህ ነገር ዘይቡን ያንገበግባት ነበር። ያ ካባ ጨርቅ እንደነበረ፣ መርፌ የገባበት የሰው እጅ ሥራ እንጂ ሌላ እንዳልነበረ፣ አባቷ በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለገች። ለዚህ ደግሞ ካባው ራሱን ካባውን መምሰል አለበት። ለበዓሉ ከሰቃ ድረስ እንዲመጡላት ላከችባቸው።

አንድ ችግር ነበረባት። ካባውን ያየችው ከታች ሆና፣ በልጅነት ቁመቷ ስለሆነ፣ ጠርዙንና የእጅጌውን ጥልፍ እንጂ አንገቱንና ትከሻውን አታውቀውም። ስለዚህ እዚያው ከተማው ውስጥ ወዳለው ወደ አወቱ መንደራ ሠፈር፣ ወደ ፊታውራሪው ሚስት ወደ እትዬ ሸዋረገጥ ሄደች። እትዬ ሸዋረገጥ ከተወረሰው ግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። ዘይቡ ሳትሸፋፍን የመጣችበትን ነገረቻቸው፤ ባልዎን መድረክ ላይ ልጫወታቸው ነው፣ የካባቸው አንገት እንዴት ነበር? ሌላ ቢሆን በሩን በላይዋ ላይ ይዘጋባት ነበር። እሳቸው ግን ሐሙስ ተመለሺ አሏት።

ሐሙስ ስትመለስ በሩን ቀርቅረው ትራሳቸውን በምላጭ ተረተሩት። ካባው እዚያ ውስጥ ነበር። ንብረት በተመዘገበ ጊዜ ተቃጥሏል ብለው አስመዝግበውት ነበርና፣ ቢገኝ እስር ቤት እንደሚገቡ ሁለቱም ያውቃሉ።

«እሳቸውን ይሳቁባቸው፣ የእጃቸውን ነው ያገኙት» አሉ እትዬ ሸዋረገጥ። «ካባውን ግን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። በእጄ ሥራ እንዳይስቁብኝ።»

ዘይቡ ግማሽ ቀን ሙሉ ስታገላብጠው ዋለች። ወረቀት የላት፣ እርሳስ የላት፤ በጣቷ እየዳበሰች በልቧ ጻፈችው። ስትወጣ ትራሱን እሷው መልሳ ሰፋችላቸው፤ ስፌቱ እንዳይለይ አድርጋ።

ከዚያ በኋላ የሠራችው ሥራ፣ ወላሂ፣ ዛሬም ሲታሰብ ይገርማል። አራት ያረጁ ጆንያዎች መረጠች። በአመድ ውኃ ቀቀለቻቸው፣ በዱላ ወቀጠቻቸው፣ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ እየፋቀች ፀጉራቸውን አቆመችው፤ ጆንያው ከፋይ ጨርቅ መሰለ። ለጥቁሩ ቀለም ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰባብራ ከሰሉን ደቁሳ በስታርች ለወሰችው። የውስጡን ፊት አልነካችውም። ወርቁ ነው ሁሉን ያስጨነቀው፣ እሷን ግን አላስጨነቃትም። ቡና መፈልፈያው ውስጥ የተቃጠለ ሞተር ተጥሎ ነበር፤ ሆዱን ከፍታ ፀጉር የሚያክለውን የመዳብ ሽቦ አንድ በአንድ አወጣችው፣ በሎሚና በአመድ አሸችው፣ በጆንያ መርፌዋ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ጠርዙን ጠለፈችበት። ጣቶቿ ተበሳስተው የቡና ሲኒ መያዝ እንኳ አቃታቸው። ደበበ መጥቶ ሲያየው የጋዜጣውን ነገር እርሺው አላት።

በዓሉ ደረሰ። የሄርማታ ቡድን በሰልፍ ሲያልፍ የአጋሮው ባለ ስድስት እጅ ጭራቅ ዞሮ አያት፤ ከዚህ በላይ ምስጋና ምን አለ? ሜዳው ላይ በባዶ በርሜሎች ላይ ሳንቃ ተነጥፎ መድረክ ተሠርቷል። ከፊት ወንበር ላይ ዳኞቹ፣ መካከላቸው ጓድ ፈይሳ የሚባለው ከበላይ የተላከው ካድሬ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ሣሩ ላይ ከየገጠሩ የመጣው ገበሬ። ኦቦ ጀቤሳ እዚያው ናቸው፣ ግን እንደ ልማዳቸው ሳይሆን ተቀምጠው፤ ጎናቸው ያለው ሁሉ ስለተቀመጠ እኮ ነው። የቀበሌ ቅጣት ፈርተው የመጡት እትዬ ሸዋረገጥም ዳር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

ትያትሩ ተጀመረ። ጭሰኛው ማሰሮውን ይዞ ቆመ። ዘይቡ በገለባ ሆዷ፣ በፍየል ሪዟ፣ ካባውን ደርባ ቀስ ብላ ወጣች። ፀሐዩ መዳቡን መታው።

ሳቅ ነበር የጠበቁት። አንድም ሰው አልሳቀም። ከኋላ ከሣሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ቀጥሎ ሌላው። ሃያ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ሽማግሌዎች፣ የሚያደርጉትን ሳያውቁት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ። ዘይቡ ከመድረኩ ላይ ሆና መካከላቸው አባቷን አየች። አጎንብሰዋል። ያ ረቢ፣ ይህን ብላ ነበር እንዴ የለፋችው? የትያትሩ ቃል ጠፋባት።

የባሰው ደግሞ ጓድ ፈይሳ ራሱ ከወንበሩ ግማሽ መነሳቱ ነው። እንደተነሳ ገባው፤ ፊቱ ደም መሰለ። ትያትሩ ይቁም ብሎ ጮኸ። ይህ ልብስ አይደለም፣ የተደበቀ የአድኃሪ ንብረት ነው፣ ከየት እንደወጣ አሁን ይነገረኝ አለ። የሰቃ ሰው ሁሉ ካባው የማን እንደሆነ ያውቃልና ዓይኑ ወደ እትዬ ሸዋረገጥ ዞረ። ጓድ ፈይሳም አየ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ሄደው የሴትዮዋን ቤት እንዲፈትሹ አዘዘ። ልጆቹ ጠመንጃቸውን አንግተው ተነሡ። እትዬ ሸዋረገጥ ነጠላቸውን ይበልጥ ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ዘይቡ ያኔ ካባውን ከትከሻዋ አወለቀችው። ገለበጠችውና ውስጡን ወደ ሕዝቡ አድርጋ በሁለት እጇ ዘረጋችው። በአረንጓዴ ቀለም፣ ሰፋፊ ሆኖ፣ «የጅማ ቡና 60 ኪሎ» ይላል፤ ከጎኑ እሷ ራሷ ባለፈው ክረምት በሲባጎ የጣፈችው ቀዳዳ አለ። ዳኞቹን አላየችም። ዓይኗ ከኋላ፣ ከሣሩ ላይ ነበር።

«አባዬ፣ ይቀመጡ» አለች። «ጆንያ ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ጆንያውን አዩ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ሳቁ፤ በራሳቸው ነው የሳቁት። ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደና ሜዳው ሙሉ ሳቀ፣ ዓይኑን የሚጠርግም ነበር። ጓድ ፈይሳ ወደ መድረኩ ወጥቶ ካባውን ዳሰሰው፤ መዳቡ ጣቱን ወጋው። ጥልፉን ከየት አየሽው ብሎ ጠየቃት፣ አሁን ግን ድምፁ ቀዝቅዟል።

«አባቴ ሲያጎነብስለት ከሥሩ ሆኜ አየሁት» አለችው። «የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንዴት ይረሳል?»

ስለ አንገቱ የጠየቃት የለም፣ እሷም አልተናገረችም። ጓድ ፈይሳ ትንሽ ቆሞ፣ ልጆቹ እንዲመለሱ በእጁ ምልክት ሰጠ። ደበበ ብልጥ ነው፣ ያልተጻፈውን እንደተጻፈ አድርጎ ትያትሩን በዚያው ዘጋው። አንደኛ የወጡት ግን አጋሮዎቹ ናቸው፤ የነሱ ጭራቅ ጭስ ነበረው አሉ ዳኞቹ። ዘይቡ እስክትሞት ድረስ ይህን ፍርድ አልተቀበለችም።

ሰልፉ ከተበተነ በኋላ ኦቦ ጀቤሳ ከሜዳው ዳር ከዋንዛው ሥር ልጃቸውን ጠበቋት። ካባውን ተቀብለው በመዳፋቸው ደባበሱት፣ ገልብጠው ጽሑፉን አዩት፣ ማንበብ ግን አይችሉም። ከዚያ መሬቱ ላይ፣ ወርቁን ወደ ላይ አድርገው፣ አነጠፉትና ተቀመጡበት። እግራቸውን ዘረጉ። ዘይቡ አባቷ እንዲህ እግራቸውን ሲዘረጉ አይታ አታውቅም።

በዚያ መሐል እትዬ ሸዋረገጥ በዚያ በኩል መጡ። ዘይቡ ወደ አባቷ ዞረች። ሽማግሌው ጉልበታቸው ሊነሣ ሲል፣ እጃቸው ወደ ባርኔጣቸው ሲሄድ አየች። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። ተመልሶ ጭናቸው ላይ ተቀመጠ። እንደተቀመጡ፣ ደኅና ዋሉ እመቤቴ አሉ።

እትዬ ሸዋረገጥ አጎንብሰው የካባውን አንገት በጣታቸው ዳሰሱት። ትክክል ነው አሏት ዘይቡን። ከዚያ ወዲህ ወዲያ አዩና፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ፣ ቦታ ይኖርዎታል? ብለው ኦቦ ጀቤሳን ጠየቁ። ሽማግሌው ጠጋ አሉላቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ከጎናቸው ካባው ላይ ቁጭ አሉ።

ዘይቡ አንድ ወር ሙሉ ጣቷን ያደማችበት መዳብ ከሁለቱ ሥር ሲጣመም ይታያታል። ተነሡ ልትል አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።